ዋቱን የሚወስነው ኦሙ ነው

የዛሬው ትምህርት የመኪና ሳብውፈርን፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ ስፒከርን፣ ከአምፕሊፋየር (ባጭሩ አምፕ) ጋር በኦምና በዋት ስለ ማጣመር ነው። በአዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ዓለም ባንክና ወደ ቀራንዮ ስንዘልቅ የመኪና በር ከፍተው፣ ወንበር ነቅለው ሽቦ የሚዘረጉ ባለሙያዎችን በየመንገዱ ዳር እናያለን። ሚኒባሱም፣ ቪትዙም፣ ኮሮላውም በተራው ይሠራል። ዕቃው ግን በአብዛኛው ለየብቻው ነው የሚገዛው፤ ሳብውፈሩ ከአንድ ሱቅ፣ አምፑ ከሌላ፣ ሽቦው ከሦስተኛ። ገዢው የሚያየው መጠኑን፣ መልኩንና በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ነው። ሁለቱ ዕቃዎች እርስ በርስ ይስማሙ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ውጤቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይታያል። አምፑ ይግልና በራሱ ይጠፋል። ሳብውፈሩ የተቃጠለ ይሸታል። ማታ ወፍራሙ ድምፅ (ባሱ) በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። ጠዋት ሞተሩ አይነሣም። ባለቤቱ "ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም" ብሎ ይደመድማል። ዕቃው በእርግጥ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው በአስተሳሰሩ ላይ ነው፤ አስተሳሰር ደግሞ የሚማሩት ነገር ነው። ቴስተር፣ ካልኩሌተርና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይደርስበታል።

መሠረቱ

ሦስት መለኪያዎችን እንያዝ። ቮልት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ነው። አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚፈሰው መጠን ነው። ኦም ፍሰቱን የሚገታው መቋቋም ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ የሦስቱን ዝምድና አስቀምጧል፤ ቮልቱን ለኦሙ ስናካፍል አምፔሩን እናገኛለን። ዋት ደግሞ ቮልት በአምፔር ሲባዛ የሚገኘው ነው።

አንድ አምፕሊፋየር በመውጫው ላይ 20 ቮልት አቀረበ እንበል። ባለ 8 ኦም ሳብውፈር ብናስርበት የሚፈሰው 2.5 አምፔር፣ የሚገኘው 50 ዋት ነው። በ8ቱ ቦታ 4 ኦም ብናደርግ 5 አምፔር ይፈሳል፤ 100 ዋት ይሆናል። 2 ኦም ብናስር 10 አምፔርና 200 ዋት፣ 1 ኦም ብናስር 20 አምፔርና 400 ዋት ይሆናል። ልብ በሉ፤ በአራቱም ጊዜ ቮልቱ ያው 20 ነው፤ ማንም አልነካውም። የተለወጠው እኛ ያሰርነው ኦም ብቻ ነው፤ ኦሙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ዋቱ እጥፍ ሆነ።

የትምህርቱ ዋና ቃል ይህ ነው። አምፕሊፋየር ዋትን እንደ ቁርጥ ድርሻ አይሰጥም፤ ቮልት ያቀርባል እንጂ። ምን ያህል ዋት እንደሚወጣ የሚወስነው የታሰረበት ኦም ነው። ስለዚህ ሽቦውን ያሰረው ሰው ዋቱን ወስኗል፤ አውቆ ቢወስነው መልካም ነው፣ ሳያውቅም ቢሆን ግን መወሰኑ አይቀርም።

ታዲያ ኦሙን ዝቅ አድርጎ አስሮ ብዙ ዋት ማግኘት አይሻልም ወይ? አይሻልም። ምክንያቱም ያ ሁሉ አምፔር በአምፑ ውስጥ ባሉት ትራንዚስተሮች፣ በሽቦዎቹና በመጋጠሚያዎቹ ያልፋል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን በሽቦና በመጋጠሚያ ላይ የሚቀረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአምፑ ሠሪ "ከዚህ በታች አትውረዱ" የሚል ዝቅተኛ ኦም ይወስናል፤ ወሰኑም ከአምፑ ጋር በሚመጣው ወረቀት ወይም በአምፑ አካል ላይ ይጻፋል። ወሰኑ 2 ኦም የሆነ አምፕ ላይ 1 ኦም ማሰር ሠሪው ካሰበው እጥፍ አምፔር መጎተት ነው። ጥሩው አምፕ ራሱን ያጠፋል፤ ደካማው ይቃጠላል።

ኦሙን በቴስተር ማወቅ

በሳብውፈሩ ማግኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ከጠፋ፣ ወይም ዕቃው አሮጌ ከሆነ፣ ኦሙን በቴስተር እናገኘዋለን። መጀመሪያ ሳብውፈሩን ከአምፑ እንፍታው። ቴስተሩን በትንሹ የኦም መለኪያ ላይ አድርገን ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ እናነካካ። ርካሽ ቴስተር ዜሮ አይልም፤ ብዙ ጊዜ 0.2 ወይም 0.4 ያሳያል። ያ የራሱ የቴስተሩ ገመድ ኦም ስለሆነ ከምናገኘው ቁጥር ላይ እንቀንሰዋለን። በ4 ኦም ደረጃ ላይ ይህ ትንሽ ቁጥር ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ከዚያ በሳብውፈሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ላይ እንለካ። ከ3.2 እስከ 3.7 ካሳየ ባለ 4 ኦም ነው። ከ1.6 እስከ 1.9 ካሳየ ባለ 2 ነው። ከ5.5 እስከ 7 ካሳየ ባለ 8 ነው። ቴስተሩ ጭራሽ ካልቆጠረ ኮይሉ፣ ማለትም በውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ተቆርጧል። ቁጥሩ ከሚጠበቀው በጣም ካነሰ ደግሞ የኮይሉ ሽቦዎች ኢናሜላቸው ተቃጥሎ እርስ በርስ ተነካክተዋል፤ እንዲህ ያለ ሳብውፈር ድምፅ ቢያወጣም አዲስ አምፕ ላይ መታሰር የለበትም።

የሚለካው ቁጥር ከተጻፈው ለምን ያንሳል? ቴስተሩ የሚለካው የመዳብ ሽቦውን መቋቋም ብቻ ነው። በሳብውፈሩ ላይ የተጻፈው ግን ኢምፒዳንስ የሚባለው ነው፤ ይህም ሙዚቃው በሚጫወትበት ጊዜ ከሽቦው መቋቋም በተጨማሪ ኮይሉ በማግኔቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚፈጠረውን ተቃውሞ ያካትታል። ኢምፒዳንስ እንደ ድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ይለዋወጣል፤ ሳብውፈሩ በራሱ ተፈጥሯዊ ንዝረት ላይ ሲደርስ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ይወጣል። "4 ኦም" የሚለው እንግዲህ የመጠሪያ ቁጥር ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ኢምፒዳንሱ ከመጠሪያው 80 በመቶ በታች መውረድ የለበትም፤ ለባለ 4 ኦም ወለሉ 3.2 ነው ማለት ነው። የአምፑ ወሰን ሲወጣ ይህ ታስቦበታል፤ እኛ የምናሰላው በመጠሪያው ቁጥር ነው።

ሲሪስና ፓራለል

ከአንድ በላይ ኮይል ሲኖረን ሁለት የማሰሪያ መንገዶች አሉ።

በሲሪስ ስናስር የአንዱን ኔጋቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ እናገናኛለን፤ ኤሌክትሪኩ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይገባል። ኦሞቹ ይደመራሉ፤ ሁለት ባለ 4 በሲሪስ 8 ይሆናሉ።

በፓራለል ስናስር ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ እናገናኛለን፤ ኤሌክትሪኩ በሁለት በር በአንድ ጊዜ ይገባል። እኩል የሆኑ ኮይሎች ከሆኑ የአንዱን ኦም በቁጥራቸው እናካፍላለን፤ ሁለት ባለ 4 በፓራለል 2 ይሆናሉ።

በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ሳብውፈሮች ድርብ ኮይል አላቸው፤ በአንድ ሳጥን አንድ ሳብውፈር ቢታይም ከጎኑ አራት ማሰሪያዎች ይገኛሉ። ባለ ድርብ 4 የሆነው አንድ ሳብውፈር 2 ወይም 8 ኦም ሊሆን ይችላል። ባለ ድርብ 2 የሆነው 1 ወይም 4 ይሆናል። አንዱን ኮይል ብቻ አስሮ ሌላውን ባዶ መተው ግን ሳብውፈሩን በግማሽ አቅሙ እንዲሠራና አንዱ ኮይል ብቻውን እንዲግል ማድረግ ነው።

ሁለት ሳብውፈር ባለ ድርብ ኮይል ሲሆን አራት ኮይሎች አሉን። ሁለቱ ባለ ድርብ 4 ከሆኑ ሁሉንም በፓራለል ብናስር 1 ኦም፣ ሁሉንም በሲሪስ ብናስር 16 ኦም ይሆናሉ። የእያንዳንዱን ሁለት ኮይሎች በሲሪስ አስረን ሁለቱን ሳብውፈሮች በፓራለል ብናገናኝ 4 ኦም ይሆናሉ። ሁለቱ ባለ ድርብ 2 ከሆኑ በዚያው ቅደም ተከተል ግማሽ ኦም፣ 8 ኦም እና 2 ኦም እናገኛለን። ይህን አንቀጽ በወረቀት ላይ እየሣላችሁ ደግማችሁ አንብቡት፤ ከሱቅ በፊት መወሰን ያለበት ነገር ሁሉ እዚህ ነው ያለው።

አንድ ጥብቅ ደንብ እዚህ ላይ እንጨምር፤ በአንድ አምፕ ላይ የሚታሰሩ ሳብውፈሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ባለ 4 እና ባለ 8 ኦም በፓራለል ብናስር፣ በ20 ቮልት ባለ 4 ኦሙ 100 ዋት ሲወስድ ባለ 8 ኦሙ 50 ዋት ብቻ ይወስዳል። በሲሪስ ብናደርጋቸው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለ 8 ኦሙ እጥፉን ይሸከማል። ሰንጋና ወይፈን በአንድ ቀንበር ተጠምደው እርሻው ቀጥ እንደማይል፣ ሁለት የተለያዩ ሳብውፈሮችም ጭነቱን እኩል አይካፈሉም፤ አንዱ ሳይሠራ ሌላው ይቃጠላል።

ብሪጅ ሲደረግ

ባለ ሁለት ቻናል (ሁለት መውጫ ያለው) አምፕ ያለው ሰው ሁለቱን ቻናሎች በአንድ ሳብውፈር ላይ ማገናኘት ይችላል፤ ይህ ብሪጅ ይባላል። ብዙ አምፕ የሚቃጠለው በዚህ ቦታ ነው። ሁለቱ ቻናሎች ጭነቱን ከግራና ከቀኝ በተቃራኒ ስለሚገፉት እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የኦሙን ግማሽ ነው። 4 ኦም ሳብውፈር ብሪጅ ሲደረግ እያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም እንደታሰረበት ይቆጥራል። ስለዚህ "በቻናል እስከ 2 ኦም" የተባለ አምፕ በብሪጅ ከ4 ኦም በታች መውረድ የለበትም። 2 ኦም ብናስርበት እያንዳንዱ ቻናል 1 ኦም ያያል፤ ይህም ከተፈቀደው ግማሽ ነው።

የተጻፈው ዋትና የሚወጣው ዋት

አሁን ወደ ዋቱ እንሂድ። በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው "ማክስ" ወይም "ፒክ" የሚባለው ነው። እኛ የምንፈልገው ግን "አር ኤም ኤስ" የተባለውን፣ ዕቃው ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ወይም የሚሸከመውን ዋት ነው።

በመኪናችን ቴፕ ላይ ብዙ ጊዜ "50 ዋት በ4"፣ ማለትም ለአራቱ መውጫዎች ለእያንዳንዳቸው 50 ዋት፣ ተጽፎ እናገኛለን። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እናስላው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው 14.4 ቮልት ያህል ያደርሳል። 14.4ን በራሱ አባዝተን ለስፒከሩ 4 ኦም ስናካፍል 52 ዋት ገደማ እናገኛለን። ይህ ግን የድምፁ ሞገድ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ፣ ሙዚቃ መሆኑ ቀርቶ ጩኸት ብቻ ሲሆን የሚገኝ ነው። ንጹሕ ድምፅ ሲሆን ያው 14.4 ለ1.41 ይካፈላል፤ 10 ቮልት ያህል ይሆናል። 10ን በራሱ አባዝተን ለ4 ስናካፍል 25 ዋት ነው፤ በውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 20 ይጠጋል። በመኪናችን ውስጥ የተለየ አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አምፑ በውስጡ የመኪናውን ቮልት ከፍ የሚያደርግ ክፍል አለው።

የአምፑንም እውነተኛ አቅም በራሳችን መገመት እንችላለን፤ ፊውዙን እናንብብ። "1500 ዋት" ተብሎ የተሸጠ አምፕ በጎኑ አንድ ባለ 30 ፊውዝ ብቻ አለው እንበል። 30 አምፔር በ13.8 ቮልት ሲባዛ 414 ዋት ነው፤ ከመኪናው የሚገባው ይህ ነው። ክላስ ዲ የሆነ አምፕ ከገባለት 80 በመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ ሲያደርስ፣ ክላስ ኤ ቢ የሆነው ከ50 እስከ 60 በመቶ ያደርሳል፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። እንግዲህ የዚያ አምፕ ዘላቂ አቅም ክላስ ዲ ከሆነ 330፣ ክላስ ኤ ቢ ከሆነ ከ200 እስከ 250 ዋት አካባቢ ነው። ፊውዝ ለአጭር ጊዜ ከቁጥሩ በላይ ሊያሳልፍ ስለሚችል ስሌቱ ግምት ነው፤ ከካርቶኑ ግን ይልቅ ይታመናል። ጥሩ ሠሪዎች የሚከተሉት ደረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የወጣው ሲ ኢ ኤ 2006 የአምፕ ዋት በ4 ኦም፣ በ14.4 ቮልት፣ የድምፁ መዛባት ከ1 በመቶ ሳይበልጥ እንዲለካ ይጠይቃል።

ስንት ዋት ለስንት ዋት

ደንቡ ይህ ነው፤ አምፑ እኛ ባሰርነው ኦም የሚሰጠው አር ኤም ኤስ፣ ከሳብውፈሮቹ አር ኤም ኤስ ድምር ጋር እኩል ወይም ከሦስት አራተኛው ያላነሰ ይሁን። "በ4 ኦም ስንት፣ በ2 ኦም ስንት" ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ዋት ያለ ኦም ትርጉም የለውም።

"አነስተኛ አምፕ ሳብውፈር ያቃጥላል" የሚል ንግግር ይሰማል። አነስተኛ ዋት በራሱ ምንም አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ነጂው ድምፁ አነሰኝ ብሎ እስከ መጨረሻው ሲከፍተው ነው። ያኔ አምፑ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ክሊፕ አደረገ የሚባለው ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ድምፅ ከንጹሑ እጥፍ ዋት ይይዛል፤ 200 ዋት የሆነ አምፕ እንዲህ ሲደረግ እስከ 400 ዋት ሊልክ ይችላል። ኮይሉ የሚቀዘቅዝበት ፋታ አያገኝም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ "እጥፍ ሆነ" የሚያሰኘው 10 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ለዚያ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ2 ኦም ወደ 1 ኦም ወርዶ አምፑን አደጋ ላይ መጣል የሚያስገኘው ጆሮ በጥቂቱ ብቻ የሚለየውን ጭማሪ ነው።

አንድ ሚኒባስ እንደ ምሳሌ

ከአየር ጤና ሜክሲኮ አደባባይ የሚሠራ ሚኒባስ እንውሰድ። ባለቤቱ ባለ 12 ኢንች ሁለት ሳብውፈሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ባለ ድርብ 4 ኦም፣ 250 ዋት አር ኤም ኤስ። ባለ አንድ ቻናል ክላስ ዲ አምፕም ገዝቷል፤ በ4 ኦም 300 ዋት፣ በ2 ኦም 500 ዋት፣ ወሰኑ 2 ኦም ነው። የሳብውፈሮቹ ድምር 500፣ አምፑም በ2 ኦም 500 ስለሆነ የተስማሙ ይመስላል።

ግን እናስር። ቀደም ሲል እንዳየነው ሁለት ባለ ድርብ 4 ሳብውፈሮች 1፣ 4 ወይም 16 ኦም ይሆናሉ እንጂ፣ ሁሉም ኮይል እኩል እንዲሠራ ተደርጎ 2 ኦም አይገኝባቸውም። 1 ኦሙ ከወሰኑ በታች ነው። የሚቀረው 4 ኦም ነው፤ በእርሱ የሚገኘው 300 ዋት ነው፤ ለእያንዳንዱ 150። ይህ ከደንባችን ሦስት አራተኛ ቢያንስም፣ ከ500 ወደ 300 መውረዱ በዴሲቤል 2.2 ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ከሆነ በ4 ኦም ማሰር ነው፤ አምፑ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፤ ባለቤቱም ያን ያህል የሚጎድልበት የለም።

ገና ከመግዛቱ በፊት ከሆነ ግን መልሱ ሌላ ነው። ያንኑ ሳብውፈር ባለ ድርብ 2 አድርጎ ይግዛ። የእያንዳንዱን ኮይሎች በሲሪስ፣ ሁለቱን ሳብውፈሮች በፓራለል ሲያስር ልክ 2 ኦም ያገኛል። 500 ዋት ወጥቶ ለእያንዳንዱ 250 ይደርሰዋል። ዋጋው ሳይጨምር፣ በካርቶኑ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁጥር በማንበብ ብቻ ሙሉ ስምምነት ተገኘ።

ከባትሪው እስከ አምፑ

ዋቱ ከመኪናው ነው የሚመጣው። 500 ዋት ለማውጣት አምፑ 625 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ13.8 ቮልት ሲካፈል 45 አምፔር ነው። ይህን የሚሸከም ሽቦ ያስፈልጋል።

ለቤት የሚዘረጋውን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦ 5 ሜትር ብንስብ፣ በ45 አምፔር 0.65 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል፤ ወደ 29 ዋት የሚሆን ሙቀትም ከምንጣፉ ሥር ይቀራል። በ21 ወይም በ25 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ንጹሕ መዳብ ብንተካው ጥፋቱ ከ0.2 ቮልት በታች ይሆናል። ስንገዛ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገን እንየው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ያን ያህል ለመሸከም አንድ ተኩል እጥፍ መወፈር ይኖርበታል። የማሳው (የኔጋቲቩ) ሽቦም ከፖዘቲቩ እኩል ይወፍር፤ የሚታሰርበት ብረት ቀለሙ ይፋቅ፣ በቦሎን ይጥበቅ።

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይግባ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከፊውዙ በፊት ከብረት ጋር ከተነካካ የሚያቆመው የለም፤ መኪናው ይቃጠላል። ለዚህ ምሳሌ ባለ 60 ይበቃል። ሽቦው በሞተሩ ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ጎማ ይደረግለት።

ሙዚቃ ሁልጊዜ ሙሉ ዋት አይወስድም፤ በአማካይ ሢሶውን ቢወስድ 15 አምፔር ነው። ሚኒባሱ ሞተር አጥፍቶ ተራ ሲጠብቅ ሁለት ሰዓት ቢጫወት 30 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ ይህ ከባለ 70 ባትሪ ግማሽ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሞተር ሲጠፋ ሳብውፈሩ አብሮ ይጥፋ።

አምፑ የሚቀመጥበትም ቦታ ይታሰብበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስስ አየር የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ከምንጣፍ ሥር ወይም በሳጥኑ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ አምፕ እዚህ ይበልጥ ይግላል። በዙሪያው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ወደ እነዚህ ባለሙያዎች መምጣት ጀምረዋል። እነዚህ ዲናሞ የላቸውም፤ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ ነው። የአምፑ ጣሪያ የዚያ መሣሪያ አቅም ነው፤ መጠነኛ ዋት ይበቃል። ብርቱካንማ ገመዶቹን ግን ማንም አይንካ፤ በእነርሱ ውስጥ የሚያልፈው መቶዎች ቮልት ሰው ይገድላል።

ጌይን

ጌይን የምትባለው ቁልፍ ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ሥራዋ ከቴፑ የሚመጣውን ከአምፑ ጋር ማስማማት ነው። የምትደርስበትን ቮልት በስሌት እናገኛለን፤ ዋቱን በኦሙ አባዝተን ስኩዌር ሩቱን እንወስዳለን። ለ500 ዋት በ2 ኦም፣ የ1000 ስኩዌር ሩት 31.6 ቮልት ነው። ለ300 ዋት በ4 ኦም 34.6 ቮልት ነው።

ሳብውፈሩን ፈትተን፣ ባስና ሉድነስ የሚባሉትን ሁሉ አጥፍተን፣ ቴፑን በሦስት አራተኛ ድምፅ ላይ እናድርግ። ባለ 50 ኸርዝ ድምፅ በፍላሽ ጭነን እናጫውት። ለምን 50? የአገራችን የቤት መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ርካሹም ቴስተር በዚህ ላይ በትክክል እንዲለካ ሆኖ የተሠራ ነው። ቴስተሩን በኤ ሲ ቮልት አድርገን በአምፑ መውጫ ላይ እያየን ጌይኑን ከዜሮ ቀስ እያልን እናንሣ፤ የተሰላው ቮልት ላይ ስንደርስ እናቁም። የአምፑ ዋት በፊውዙ ስሌት ከተጻፈው ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ስሌታችንም በዚያው ባነሰው ዋት ይሁን። ከዚያ በኋላ ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀረውን ሎው ፓስ 80 ኸርዝ አካባቢ አድርገን ሳብውፈሩን እንመልስ።

ጆሮና ጎረቤት

የሚኒባስ ነጂና ረዳት ቀኑን ሙሉ ከሳብውፈሩ ጋር ይውላሉ። የአሜሪካው የሥራ ጤንነት ተቋም እንደሚመክረው በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ሩብ ሰዓት ይሆናል። የጠፋ የመስማት አቅም አይመለስም። ወፍራም ድምፅ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም፤ እንደ ኮልፌ ቤት ለቤት በተጠጋጋበት ሠፈር ሕሙምንና ሕፃንን ከእንቅልፍ ያነሣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥራል፤ የአገሪቱ የድምፅ ደረጃም ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በትክክል የተጣመረ ዕቃ በዝቅተኛ ድምፅም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የማጣመሩ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ለሚቀጥለው ባለሙያ

ቅደም ተከተሉን እንያዝ። መጀመሪያ የአምፑን ዝቅተኛ ኦም እናንብብ፤ ቀጥሎ የሳብውፈሩን ኮይሎች እንለካ፤ አስተሳሰሩን በወረቀት እንሣል፤ በዚያ ኦም አምፑ የሚሰጠውን አር ኤም ኤስ ከሳብውፈሮቹ ድምር ጋር እናስተያይ፤ ሽቦውንና ፊውዙን እናስላ፤ በመጨረሻ ጌይኑን በቴስተር እናቁም። አምፑን ከመክፈታችን በፊት ከሳጥኑ የወጡትን ሁለት ሽቦዎች አንድ ጊዜ እንለካቸው። 2 ኦም ብለን ያሰርነው ከ1.6 እስከ 1.9 ማሳየት አለበት፤ 0.8 ካሳየ አንድ ቦታ ተሳስተናል።

ሥራው ሲያልቅ አስተሳሰሩ በሳጥኑ ውስጥ ይደበቃል፤ ከዓመት በኋላ መኪናውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ምን እንደታሰረ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ በአምፑ ላይ ፕላስተር ለጥፈን በእስክሪብቶ እንጻፍበት፦ ሁለት ባለ ድርብ 2፣ በ2 ኦም የታሰረ፣ ፊውዝ 60፣ ጌይን 31.6 ቮልት፣ የተሠራበት ቀን። ይህን ጽፎ መኪና የሚያስረክብ ባለሙያ ሥራውን አውቆ እንደሠራ ይታወቅለታል፤ ደንበኛም ሲያሠራ ይህ እንዲጻፍለት ይጠይቅ።